የዲሴምበር በለስ

አንድ የመምህራን መጽሔት ስለ ታብሌቶች እንድጽፍለት የጠየቀኝ ስልክም፣ ባንክም፣ መብራትም ወደ መቀሌ ከተመለሱ ቆየት ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር። አንድ መምህር ለራሱ ወይም ለልጁ ታብሌት ልግዛ ቢል አይፓዱን ይግዛ ወይስ አንድሮይዱን? ኦፕሬቲንግ ሲስተማቸው በምን ይለያያል? አራት ገጽ፣ ማንም አንብቦ የሚረዳው። እኔ የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ አይደለሁም። የሙያ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፍርድ ቤት፣ የእህል ዋጋ፣ የውሃ እጥረትና ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ስዘግብ ነው። ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጬ መጠየቅ ግን እችላለሁና ተቀበልኩ።

አይፓዱን ያዋሰኝ ከሌላ ክልል መጥቶ በዩኒቨርሲቲው እንዳ ኢየሱስ ግቢ የሚያስተምር ጎረቤቴ ነው። አንድሮይዱን ሓወልቲ አካባቢ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ሰው ሰጠኝ። ሰውየው ቀልድ ይወዳል። «ጋዜጠኛ ሲጠይቅ በነጻ ነው፤ ጋዜጠኛ ሲሰብር ግን በእጥፍ ነው» አለኝና ጠረጴዛው ላይ ካሉት አንዱን በስስ ፌስታል ጠቅልሎ አቀበለኝ።

እኔ የማምነው ወረቀትን ነው። ነጭ ወረቀት አነሳሁና መሀሉን በማስመሪያ ከፈልኩ፤ ግራው ለአይፓዱ፣ ቀኙ ለአንድሮይዱ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይሠራል?» የሚል ነበር። ሌላ ከተማ ያለ ጋዜጠኛ ይህን ጥያቄ አንደኛ ላይ አያደርገውም። እኔ አደረግኩት። ለብዙ ወራት ኢንተርኔት ያልነበረበት ከተማ ውስጥ ኖሬያለሁና።

በሥርዓት ሄድኩ። አይፓዱ ፈጣን ነው፣ ዓመታት ካለፉም በኋላ ማሻሻያ ይመጣለታል፣ ስክሪኑ ዓይን አያደክምም። በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተው እንደ አዲስ ሊያስነሱት ከፈለጉ ግን ኢንተርኔት ካላገኘ አይነቃም። አንድሮይዱ ርካሽ ነው፣ ሚሞሪ ካርድ ይገባበታል፣ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ መረብ ይሻገርበታል፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ሰው መቀሌ ውስጥ በየመንገዱ አለ። በሌላ በኩል ሁለት ሦስት ዓመት ሲቆይ ይደክማል፤ የሚያስታውሰው ኩባንያም የለም። በሁለቱም ላይ በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። «የዘመን አቆጣጠር» ከሚለው መስመር ትይዩ ደግሞ ይህን አሰፈርኩ፦ «እጄ ላይ ባሉት ሁለቱም፣ ሰዓቱ በሚስተካከልበት ቦታ የእኛ የቀን አቆጣጠር አልተገኘም።» ይህን ስጽፍ ከሁሉም የማይረባው መስመር መስሎኝ ነበር።

መምህር የመጣችው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ስሟ ሌላ ነው፤ በሰፈራችን ግን ሁሉም የሚጠራት «መምህር» እያለ ነው። ልጆቼን ፊደል ያስቆጠረች፣ ከግድግዳዬ ማዶ የምትኖር ሴት ናት። ከመሀል አገር መጥቼ እዚህ ቤት ስገባ መጀመሪያ ሰላም ያለችኝ እሷ ናት፤ ትግርኛዬን ማረም የጀመረችውም በዚያው ቀን ነው። እስካሁንም አላቆመችም። «ሃያ ዓመት ተቀምጠህ ገና አንደኛ ክፍል ነህ» ትለኛለች።

አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ነርስነት እየተማረ ሳለ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ከከተማው ወጥቶ በአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ለመሥራት ሄደ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። እሱም አልተመለሰም። መርዶው የደረሳት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የነገሯት ሰዎች አብረውት አልነበሩም። ማለት የቻሉት «በዓመቱ ማብቂያ ገደማ» ብቻ ነበር።

ከዚያ ጀምሮ የመምህር ችግር አንድ ነው፤ ሰፈሩም ያውቀዋል። ልጇ የሞተበትን ቀን አታውቅም። አርባው አልወጣም፣ ዓመቱ መቼ እንደሚውል የሚናገር የለም። «ማብቂያ» ስላሏት ጳጉሜን መረጠች፤ ከጳጉሜም የሩፋኤልን ዕለት፣ ሦስተኛውን ቀን። ሁለት ጊዜ በዚያ ቀን ዘከረችው። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጆች ችቦ ይዘው ሖየ የሚባለውን የትግራይ የዘመን መለወጫ ዘፈን እየዘፈኑ በየደጁ ሲዞሩ የእሷ በር ይዘጋል። የሰፈሩ ልጆችም ለምደውት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። አንድ ጊዜ በሯ ላይ ቆመን ስናወራ እንዲህ ብላኛለች፦ «ሙት ሁሉ ቀን አለው ሓወይ። የእኔ ልጅ ቀን የለውም።» ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው፤ ስትቆጣም ስታዝንም የምትጠራኝ በዚሁ ነው።

በዚያ ከሰዓት በእጇ ታብሌት ይዛ ነበር። የልጇ ነው። ከጤና ጣቢያው ባልደረቦቹ አንዱ መንገድ ሲከፈት አምጥቶ ሰጥቷት፣ ሳታበራው ሳጥን ውስጥ ያኖረችው ነው። አሁን የእህቷ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ስለሆነ ታብሌት ያስፈልጋታል። ስለዚህ ሓወልቲ ወዳለው ጠጋኝ ወሰደችው፤ ለእኔ አንድሮይዱን ያዋሰኝ ያው ሰው ነው። ቻርጅ አደረገው፣ ከዋይፋይ አገናኘው፣ ተከፈተ። የይለፍ ቁጥር አልነበረውም። ልጇ በውስጡ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው ፎቶዎቹን ተመለከተና የለም አላት። የሰው ፊት የለባቸውም፤ ቀናቸውም ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት እና አሥራ አራት፣ በፈረንጅ። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ። ያን ጊዜ ልጇ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ታብሌቱን የገዛው ደግሞ ያገለገለ መሆኑን እሷ ራሷ ታውቃለች። ጠጋኙም ፎቶዎቹ የቀድሞው ባለቤት ናቸው ብሎ ደመደመ፤ ቅዳሜ አምጪውና ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ አላት።

እሷ ወደ እኔ የመጣችው ለዚህ አልነበረም። ስለ ታብሌት እንደምጽፍ ሰምታ፣ ይህ ለልጅቷ ይበቃት እንደሆነ ወይም አዲስ መግዛት እንዳለባት ልትጠይቀኝ ነው። እንዳየው ትታልኝ ሄደች። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ለሁለቱ ታብሌቶች ያደረግኩትን ለሦስተኛውም አደረግኩ። ጀርባው ትንሽ አብጧል፤ ባትሪው ሊሞት ነው። ይህን መዘገብኩ። ቀጥሎ ስለ ዕቃው መረጃ የሚሰጠውን ገጽ ከፍቼ የሞዴሉንና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ስሪት ጻፍኩ። የአንድሮይድ ስሪቶች በየትኛው ዓመት እንደወጡ ለጽሑፌ ስል በዚያው ሳምንት ዘርዝሬ ስለነበር ወረቀቱ ጎኔ ነው። ስሪቱ ፎቶዎቹ ተነሱ ከተባለበት ጊዜ ብዙ ዓመት ቆይቶ የወጣ ነው።

ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ስሪት በኋላ ሊሻሻል ይችላል። የታብሌቱን ሞዴል ፈለግኩ፤ እሱም ከዚያ ቀን ዓመታት ቆይቶ ነው ገበያ የወጣው። ይህም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ ፎቶ ከሌላ አሮጌ ስልክ ሊገለበጥ ይችላል። የአንዱን ፎቶ ዝርዝር ከፈትኩ። ያነሳው ካሜራ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ፎቶው ውስጥ ተጽፏል። ያነሳው ይኸው ታብሌት ነው። እንግዲህ ከፊቴ ያለው፣ ታብሌቱ ከመሠራቱ በፊት በታብሌቱ የተነሳ ፎቶ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። ዕቃው አይዋሽም፤ ስለዚህ የዋሸው ቀኑ ነው።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። የጤና ጣቢያ መደርደሪያ። የታካሚ ካርድ። የዝናብ ውሃ የያዘ በርሜል። በዲሴምበር አሥራ ስምንት የተነሳው ላይ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ አለ፤ አፉ ድረስ የቁልቋል በለስ ሞልቶበታል፤ አጠገቡ የተላጠ በለስ በቅጠል ላይ ተቀምጧል፣ ከኋላው ደግሞ ማሳው ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ነው።

ፎቶውን አስቀመጥኩና ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። በፈረንጆች ዲሴምበር በለስ የለም። በዚያ ወር እዚህ አገር ማሳው ታጭዶ አልቋል፣ መሬቱ ደርቋል። በለስ የክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ የመቀሌ መንገድ ዳር ሁሉ በለስ ይሆናል፣ መስከረም ሲጋመስ ያልቃል።

ያን ጊዜ የራሴ ትዝ አለኝ። መብራት ለሳምንታት በጠፋበት በዚያ ወቅት የእኔም ላፕቶፕ ባትሪው ሞቶ ነበር። ጎረቤት ባመጣው ሶላር ሳስነሳው ሰዓቱ ጠፍቶት ቀኑን ጠየቀኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከኔትወርክ ራሱ ይወስዳል፤ ኔትወርክ ግን አልነበረም። ምንም ሳላስብ በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት፤ ቀኑን፣ ወሩን በቁጥር፣ ዓመቱን። ሁላችንም በራሳችን ቀን ብቻ በምንኖርበት በዚያ ጊዜ ሌላ ቀን ወደ አእምሮዬ አልመጣም። ስህተቴን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በሙያዬ ሁሉንም ቀን በሁለት አቆጣጠር ጎን ለጎን የምጽፍ ሰው ይህን ካደረግኩ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ምን ያደርግ?

ነሐሴ አሥራ ሁለተኛ ወር ነው። እሱ አሥራ ሁለት ብሎ ሞላ፤ ታብሌቱ ዲሴምበር አለው። ዓመቱን ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት አለ፤ ታብሌቱ የፈረንጅ መስሎት ተቀበለ። ጠጋኙ ኋላ ከዋይፋይ ሲያገናኘው የዛሬው ሰዓት ተስተካከለ፤ ፎቶዎቹ ላይ የታተመው ግን እንዳለ ቀረ። በለሱ የነሐሴ አሥራ ስምንት በለስ ነበር።

ከፎቶዎቹ ሌላ አንድ ቪዲዮና ጥቂት የድምፅ ቅጂዎች ነበሩ። ጠጋኙ እነሱን አልከፈተም። ከፈትኳቸው። የመጨረሻው ቅጂ ላይ አንድ ወጣት በትግርኛ የቀሩትን መድኃኒቶች ይቆጥራል። ድምፁን አወቅሁት። ልጅ ሆኖ ኳሱ ግቢዬ በወደቀ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ ሆኖ የሚጠራኝ ድምፅ ነው።

ያኔውኑ ግድግዳውን ተሻግሬ ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም። ድምፅ አወቅሁ ማለት ማስረጃ አይደለም፤ ከዚህም በላይ እሷ የምትጠይቀኝ «መቼ?» ብላ መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ከምሰጣት ዝም ብል ይሻላል። ጠጋኙ ጋ ደውዬ ቅዳሜ የሚጠፋ ነገር እንደሌለ ነገርኩትና፣ ጠረጴዛዬ ላይ ለሁለቱ ታብሌቶች ካሰመርኳቸው ወረቀቶች ባዶውን አነሳሁ። ከግራው በላይ «ታብሌቱ የሚለው»፣ ከቀኙ በላይ «የእኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ነሐሴን መመለስ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ያው ነው። ችግሩ ከነሐሴ ሠላሳ በኋላ ይመጣል። ታብሌቱ ዲሴምበርን እስከ ሠላሳ አንድ ይቆጥራል፤ ጳጉሜ የሚባል ወር መኖሩን አያውቅም። ልጁ አንዴ ከሞላው በኋላ ሰዓቱ በራሱ መንገድ ሄዷል። ጳጉሜ አንድን ዲሴምበር ሠላሳ አንድ አለው። ጳጉሜ ሁለትን ጃንዋሪ አንድ አለው። የዚያ ዓመት ጳጉሜ አምስት ቀን ነበረችና የአዲስ ዓመት ዋዜማን ጃንዋሪ አራት፣ መስከረም አንድን ጃንዋሪ አምስት አለው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በአራት ቀን ይቀድማል። የመጨረሻው የድምፅ ቅጂ ጃንዋሪ ዘጠኝ ይላል። መስከረም አምስት ማለት ነው።

ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ልጁ መጀመሪያ ቀኑን ሲሞላ ተሳስቶ ከሆነ ከንቱ ነው። ሌላ ምስክር ያስፈልገኝ ነበር። ቪዲዮውን ከፈትኩ፤ ጃንዋሪ አራት ይላል። አመሻሽ ነው። የታሰረ ጭራሮ የለኮሱ ልጆች ከጤና ጣቢያው አጥር ፊት ይዞራሉ፤ ሖየ ይላሉ። ያ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚደረግ ነው፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ። በእኔ ወረቀት ላይም ጃንዋሪ አራት የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ካሜራውን የያዘው ሰው አይታይም። ይስቃል፤ አንዱን ልጅ ፀጉርህን እንዳታቃጥል ይለዋል።

ሁለተኛውን ምስክር የሰጠኝ ራሱ ነው። የመጨረሻው ቅጂ መጀመሪያ ላይ፣ መዝገብ እንደሚይዝ ሰው በረጋ ድምፅ፣ «ሎሚ ሮቡዕ እዩ» ይላል፤ ዛሬ ረቡዕ ነው ማለቱ ነው። ታብሌቱ ያን ቀን ሐሙስ ይለዋል። የዚያን ዘመን ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ፤ ገጹ ላይ ቀኑ እንደ ልማዴ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል። መስከረም አምስት፣ ረቡዕ። ከዚያ በታች የጻፍኩት ስለ ጤፍ ዋጋ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ታብሌቱንና ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ሳሎኗ ውስጥ ተቀመጥን። ታብሌቱን እንዳየች ልጅቷ ይበቃት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባትሪው እንዳበጠ፣ ለልጅቷ አዲስ መግዛት እንደሚሻል፣ ይህ ግን እንዳይጠፋ ነገርኳት። ለምን አለችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ነገርኳት፦ ስሪቱን፣ ሞዴሉን፣ ባልዲውን። በለሱን ሳሳያት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አስተማሪ ናት፤ ቀሪውን ሳልጨርስ ገባት።

«የእሱ ነው?»

«የእሱ ነው። ድምፁም አለ።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሐሙስ ማታ።»

«ሁለት ቀን ያዝክብኝ» አለች። አልጮኸችም። «የገዛ ልጄን ድምፅ ሁለት ቀን ከግድግዳ ማዶ ያዝክብኝ፣ ሓወይ።»

ቀኑን እስካጣራ ነው አልኳት። አንገቷን አዞረችና ክፈተው አለች።

መጀመሪያ ቪዲዮውን አሳየኋት። ሳቁን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች፤ እስኪያልቅ አልገለጠችም። ደግሜ እንድከፍት ጠየቀችኝ፣ ከፈትኩ። ከዚያ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀች። የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑን፣ እንዴት እንዳረጋገጥኩ ጭምር ነገርኳት። ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ ሁለት ጊዜ፣ ጠበል ጠዲቅ ያዘጋጀችበትን ቀን እያሰበች እንደሆነ ገመትኩ። ቀጥላ የተናገረችው ግን ስለ በሩ ነው። «በየዓመቱ በሬን የምዘጋው እሱ ከልጆች ጋር እየሳቀ በነበረበት ማታ ነው» አለች።

የድምፅ ቅጂውን ከፈትኩላት። የሚቆጥረው ነገር ብዙ አልነበረም። ፓራሲታሞል እስከ ቅዳሜ። ጓንት አልቋል፤ የታጠበው ይቀጥላል። የወላድ መርፌ ሁለት። ለሕፃናት የተቅማጥ ዱቄት የለም፤ ስኳርና ጨው በጥብጠው እንዲሰጡ ለእናቶች ተነግሯል። ድምፁ አይንቀጠቀጥም፣ አያማርርም። እኔ በሥራ ዘመኔ ከሰማኋቸው ዘገባዎች ሁሉ ይህን የመሰለ የለም። መጨረሻ ላይ ነገ ደግሞ እቆጥራለሁ ይላል። እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ታብሌቱ ውስጥ ምንም የለም።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። የግራውንና የቀኙን ረድፍ በጣቷ እየተከተለች፣ የተማሪ ደብተር እንደምታርም፣ እስከ ታች ወረደች። የመጨረሻው መስመር ላይ ጣቷን አቆመች።

«መስከረም አምስት» አለች። «ቀኑ ይሄ ነው? ይሄ ነው በለኝ።»

ነው ማለት ቀላል ነበር። ማንም አይከሰኝም፣ ማንም አያርመኝም። መርዶው ከደረሳት ጀምሮ የፈለገችው አንድ ቃል ነው፤ ቃሉም ምላሴ ላይ ነበር። ቤቷ ድረስ የወሰደኝም ወዳጅነት እንጂ ሥራ አልነበረም። ቢሆንም እኔ ያለኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ያልሆነውን ሆነ አለማለት።

«አይደለም መምህር» አልኳት። «ይህ የሞተበት ቀን አይደለም። በዚህ ቀን በሕይወት ነበረ። የማውቀው ይህን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም። ወረቀቱን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አስተካከለችው። ውጭ የሚያልፍ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። ከመጨረሻው መስመር በታች፣ «የእኛ» በሚለው ረድፍ ውስጥ፣ በዚያ ጥቁር ሰሌዳ በለመደ ንጹህ እጅ ጽሑፏ «መስከረም ፮» ብላ ጻፈች። የግራውን ባዶ ተወችው።

«ስድስት ይሁን» አለች። «እስከ አምስት የእሱ ነው፤ ነገ እቆጥራለሁ ብሏል። ከስድስት ጀምሮ የምቆጥረው እኔ ነኝ።»

በዚያው ቀን አብረን ሓወልቲ ሄድን። ጠጋኙ የሆነውን ሲሰማ ቀልዱ ጠፋ። እሱም በዚያ ወቅት የሱቁን ኮምፒውተር በእኛ ቀን ሞልቶት እንደነበር፣ እያወቀ እንዴት እንዳመለጠው እንደማያውቅ ደጋግሞ ተናገረ። መምህር እሱን ማጽናናት ያዘች። «በል ተወው፣ ወደይ» አለችው፤ ልጄ ማለቷ ነው። ፋይሎቹን በሁለት ሚሞሪ ካርድ ገለበጠላት፣ ያበጠውን ባትሪ አወጣ፣ ታብሌቱን አጽድቶ መለሰላት። ለልጅቷ አንድ አንድሮይድ መረጥን። ቀኑን ራሷ አስተካክላ አየች፤ የፈረንጁን ዓመት ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው።

ለመጽሔቱ የጻፍኩት አራት ገጽ ከሳምንት በኋላ ወጣ። አይፓዱ የሚበልጥበትን፣ አንድሮይዱ የሚበልጥበትን ዘረዘርኩ፤ አሸናፊ አላወጣሁም፤ አንባቢው እንደ አቅሙና እንደ ሥራው ይመርጣል። «ኢንተርኔት ሲጠፋ» የሚለው ክፍል መጨረሻ ላይ አንድ ምክር ጨመርኩ፦ ታብሌቱ ቀን ሲጠይቅዎ በየትኛው አቆጣጠር እንደሞሉት በወረቀት ላይ ይጻፉ። አዘጋጁ ይህ ምክር ከርዕሱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠየቀኝ። እንዲተውልኝ ለመንኩት፤ ተወልኝ።

በዓመቱ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጆቹ በሰፈራችን ሲዞሩ በእኔ ደጅ ጨፍረው ወደ እሷ በር ቀረቡ። እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በሩ ክፍት ነበር። እሷ ደፍ ላይ ቆማለች፤ በነጭ ነጠላ፣ እጇን አጣምራ። ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። መምህር ገና ያልተለኮሰ አንድ እስር ጭራሮ ከግድግዳው ጥግ አነሳችና ከፊት ከቆመችው ልጅ ችቦ ላይ ለኮሰችው። ፀጉርሽን እንዳታቃጥዪ አለቻት።

መስከረም ስድስት ቀን ዝክሩ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩና ሄድኩ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ልጁ የሞተው በዚህ ቀን ነው እንዴ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። አይደለም፣ የማናውቀው የመጀመሪያው ቀን ነው አልኩት። መምህር ከማዶ ሰምታናለች። አላረመችኝም።